የፓራውልቱ ግራ ጆሮ

ጓንጉል ብረት በያጅ ነበር። ዲላ ከተማ፣ የቡሌ መንገድ ከዋናው ጎዳና በሚለይበት አፍ ላይ፣ ከጴጥሮስ ጋር በሽርክና የያዛት የቆርቆሮ ጋራዥ ነበረችው። የእኔ የልብስ ስፌት መኪና ከበራፋቸው ትይዩ ስለነበረች ሥራቸውን ሳላይ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። ያላየሁትንም ኋላ ከሁለቱም አፍ ሰምቻለሁ።

ቁመቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ነገሩ ቁጥብ ሰው ነበር። አባቱ መንዝ ውስጥ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር። ቀጥቃጭ በሚባል ዘር ላይ አገሬው የሚያወራውን ሁሉም ያውቀዋል፤ በዓይኑ ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባላል። ጓንጉል ከዚህ ወሬ ሸሽቶ፣ ታናሽ እህቱን ወርቂቱን አስከትሎ ዲላ ሲገባ ወሬው ከኋላው ተከትሎት መጣ። ብየዳን የተማረው ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ ከቀረ አንድ ጣሊያን ነው። በእጅ ሥራ የሚደርስበት አልነበረም። ሰው ብረቱን ይወድለታል፤ ቤቱ ገብቶ እህል የሚቀምስለት ግን ጥቂት ነበር።

ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ሾፌሩ ሰብስቤ ነው። እህሉን ቀምሶ አላበቃም፤ ወርቂቱን አገባት። ዘመዶቹ «በገዛ እግርህ ቡዳ ቤት ገባህ፤ አንድ ቀን ይበሉሃል» ቢሉት፣ «እስከዚያው እኔ ዶሮ ወጣቸውን እበላለሁ» ብሎ ሳቀባቸው። ጓንጉል ይህን አማቹን ምን ያህል እንደሚወደው በቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሰብስቤ መንገድ በወጣ ቀን ግን የመኪናውን ድምፅ ካልሰማ ጋራዡን አይዘጋም ነበር።

የምነግራችሁ በ1960 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የሆነውን ነው።

ሰብስቤ የሚነዳት ላንድሮቨር ፒክአፕ የነጋዴው የአቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበረች። በዝናብ ወራት ወደ ደጋው ወደ ቡሌ የሚወጣው መንገድ መኪና ይውጣል፤ ነጋዴው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ፀሐይ ይጠብቃል። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን ሌላው በተቀመጠበት ወራት ጨውና አቡጀዲ አውጥተው ገብስ ለማውረድ አሰቡ። ከተጣለ የጦር መኪና ላይ የተፈታ፣ በእጅ የሚዞር ዊንች ከሻሸመኔ ገዙና አምጥተው ጋራዡ ደጃፍ አስወረዱት።

«ይህን ከፊቷ ላይ ትሠሩልኛላችሁ» አሉ። «ጭቃ ሲይዛት ገመዱን ዛፍ ላይ አሥራ ራሷን ትጎትት።»

ጴጥሮስ ዊንቹን ዞሮ አየው። «ጌታዬ፣ የመኪናዋ ፓራውልት፣ የፊት መከላከያዋ፣ ስስ ላሜራ ነው። ይህን ብናሥርበት እንደ ወተት ጥርስ ነቅሎት ይሄዳል።»

«ታዲያ ወፍራም ሥሩላታ! እናንተን ለምን አመጣኋችሁ?»

«የመጡትስ እርስዎ ነዎት» አለ ጓንጉል ቀስ ብሎ፣ ሜትሩን እያነሣ።

ጣሊያን ሠርቶት ከፈረሰ ድልድይ የተረፈ ወፍራም ብረት ነበራቸው፤ እሱን ቆረጡ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ፓራውልት ከመኪናዋ የሥር አጥንት፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው በሁለት ጆሮ ነው። ጆሮ የሚሉት እንደ መዳፍ የሰፋ ወፍራም ብረት ነው፤ አንዱ ጫፉ ከፓራውልቱ ጀርባ ይበየዳል፣ ሌላው ጫፉ በብሎን ከሻንሲው ይታሠራል። መኪናዋ በዊንቹ ስትጎተት ክብደቷ በሙሉ የሚያርፈው በእነዚህ ሁለት ጆሮዎች ላይ ነው። አንዱ ቢላቀቅ የተወጠረው የብረት ገመድ ፓራውልቱን ከነዊንቹ ያወናጭፈዋል፤ በዚያች ሰዓት ዊንቹን የሚያዞረው ሰው ደግሞ ከፊቱ ቆሟል። ጣሊያኑ ሦስት ጣቱን ያጣው እንዲህ ባለ ገመድ ነበርና ጓንጉል ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል።

ግራውን ጆሮ ጓንጉል፣ ቀኙን ጴጥሮስ ያዙ።

ስለ ሁለቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጓንጉል ኦርቶዶክስ ነው፤ በማርያምና በሚካኤል ቀን መዶሻ አይነካም። ጴጥሮስ የጌዴኦ ተወላጅ፣ የወንጌላውያን አማኝ ነው፤ ከእሑድ በቀር በዓል አያውቅም። በዚህ የተነሣ አንዱ የጀመረውን ሌላው የሚጨርስበት ጊዜ ብዙ ነበር። ለዚህም ደንብ ነበራቸው። ያለቀ ብየዳ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ እንዲያበራ ይደረጋል፤ ያላለቀ ብየዳ እንደጠቆረ ይተዋል። ጥቁር ያገኘ ይጨርሳል፣ የሚያበራ ያገኘ ያልፋል። በዚህ ደንብ ዓመታት ሲሠሩ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

በግንቦት ሃያ ምሽት ጴጥሮስ ወደ ጸሎት ቤቱ ቀደም ብሎ ሄደ። ጓንጉል ብቻውን ቀረ። የግራውን ጆሮ ከላይና ከታች፣ ሁለት ቦታ ብቻ በብየዳ ነጥብ አድርጎ ለጊዜው ያዘው። ከዚያ ቀዳዳዎቹ ይገጥሙ እንደሆነ ለማየት ፓራውልቱን አንሥቶ ከሻንሲው ጋር በብሎን አሠረው። ገጠመ። ወደ ብየዳው ሊመለስ ሲል ለእሳቱ ጋዝ የሚሰጠው ካርባይድ አለቀና እሳቱ ደከመበት። ማግስቱ ማርያም ስለሆነች ከማርያም በኋላ እጨርሰዋለሁ ብሎ ተወው።

የግንቦቷ ማርያም እናቱ ይዘክሯት የነበረች ናት። በዋዜማዋ ጥላሸት አያሳድርም። ጋራዡን ጠረገ፤ መሣሪያውን በጨርቅ ወለወለ፤ ከዚያ ብሩሹን አነሣና ዓይኑ ያየውን ብረት ሁሉ አጸዳ፣ ግራውን ጆሮ ጭምር። ያጸዳው ለበዓሉ ነው። ደንቡ በሐሳቡም አልመጣ።

በማግስቱ ጓንጉል ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጴጥሮስ ካርባይድ ገዝቶ ቀኙን ጆሮ በየደ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ከራሱ ላይ ቆመው ነበር፤ የቡሌ ገበያ ሊያመልጣቸው ነው።

«ግራውስ?» አሉት።

ጴጥሮስ ጎንበስ ብሎ አየ። ግራው ያበራል።

«ጋሼ ጓንጉል ጨርሶት ሄዷል» አለና ቀዩን የዝገት መከላከያ ቀለም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባው። መርፌዬን እየሳብኩ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እኔም እንደ እሱ አለቀ ብዬ ነበር።

መኪናዋ በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ወጣች። ጓንጉል ሲመጣ የቆመችበት ቦታ ላይ ዶሮዎች ይጭሩ ነበር።

«መኪናዋስ?» አለ።

«ቡሌ ናታ!» ጴጥሮስ ደስ ብሎታል። «ብታያት ጋሼ፤ እንደ ሙሽራ ኩዬ ሰደድኳት።»

«ግራውን ማን በየደው?»

«ማርያም!» ብሎ ሳቀ ጴጥሮስ። «አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ጴጥሮስ፣ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያለው።»

«ተጠርጎ ነበር እኮ።»

«ጠርጌዋለሁ።»

«ከጠረግኸው...»

«ለበዓሉ ነው የጠረግሁት።»

 ጴጥሮስ እጁን ከራሱ ላይ ጫነና «ጌታ ሆይ» አለ። ከዲላ እስከ ቡሌ በመንገዱ ላይ ስልክ የለም። በዚያ ጭቃ የሚከተል ሌላ መኪናም የለም። ዊንቹን ማን እንደሚያዞረው ደግሞ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሰብስቤ ዕቃውን ለሌላ እጅ የሚሰጥ ሾፌር አልነበረም።

በዚህ መሐል ወርቂቱ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከገበያ በኩል ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ሰብስቤ ዛሬ ይገባ ይመስልሃል? ጎመን በሥጋ ልሠራ ነበር።»

«ሥሪ» አላት ጓንጉል።

«ፊትህ ምን ሆነ?»

«እሳት መቶኝ ነው።»

ወርቂቱ ወደ ምድጃው አየች። «እሳቱ መች ተቀጣጠለና?»

ከዚያ በላይ አልጠበቀችም፤ «ሥጋው ሳያልቅብኝ» ብላ ሄደች። ጓንጉል ጀርባዋን ሲያየው እንደቆየ አስታውሳለሁ። በሰብስቤ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ብረቱ ገደለው የሚል ሰው በዲላ አይገኝም። ቀጥቃጩ አማቹን በላው ነው የሚባለው። ይህች ሴትዮ ደግሞ የሞተው ሚስት፣ የገዳዩ እህት ሆና ከማን ደጅ ልታለቅስ ነው?

የጨው ነጋዴው ኡስማን ነገሩን ሲሰማ ከሱቁ ወጣ። «በቅሎዬን ውሰድ» አለው። «ግን እንዳትመታት። ከመታሃት ቆማ ነው የምታይህ።»

ሁለቱ በአቋራጩ ወጡ። ጓንጉል በበቅሎዋ ላይ፣ ጴጥሮስ በእግሩ፤ አቀበት ሲሆን የበቅሎዋን ጭራ ይይዛል። መኪናው መንገድ ተራራውን እየዞረ ይወጣል፤ የእግሩ መንገድ በእንሰቱና በቡናው መሐል ቀጥ ብሎ ይወጣል። ተስፋቸው ይህ ብቻ ነበር። ሰማዩ ከቡሌ በኩል ጠቁሯል።

ጴጥሮስ ያገኘውን ሰው ሁሉ በጌዴኦኛ ይጠይቃል። አንዲት የእንሰት ቅጠል የተሸከመች ሴት አየኋት አለች፤ ቀይ ጥርስ ያላት መኪና ናት፣ በጧት አልፋለች። ከፍ ብሎ ያገኙት ሽማግሌ እሱም አልፋለች አለ፤ ግን ከወዲያ ማዶ ስትጮህ ሰምቻታለሁ አለ።

«እንዴት ነው የምትጮኸው በለው» አለ ጓንጉል።

ጴጥሮስ ጠይቆ ፊቱ ተለወጠ። «ጎማዋ በቦታው ሲዞር ነው የሚመስለው። ጭቃ ይዟታል።»

ጓንጉል በቅሎዋን መታት። በቅሎዋ ቆመች።

«ኡስማን አልነገረህም?» አለ ጴጥሮስ።

«ዝም በል!» ዘሎ ወረደና በጭቃው ሽቅብ መሮጥ ጀመረ። ጴጥሮስ በቅሎዋን ካገኘው ግንድ ላይ አሥሮ ተከተለው። ወገቡን ይዞ እያለከለከ፣ «ጋሼ፣ ቀለሙን እኔ ባልቀባው ኖሮ ሰብስቤ ራሱ ያየው ነበር» ይላል።

«ሳንባህን ለሩጫው አድርገው።»

«የኔ ጥፋት ነው።»

«ጴጥሮስ፣ ስንደርስ እንካፈለዋለን። አሁን ሩጥ።»

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ከማዶ ድምፅ መጣ። ቀጭ። ቆይቶ ደግሞ፣ ቀጭ። ዊንች በጥርስ በጥርስ ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ ነው። ተጀምሯል።

ኋላ እንደተሰማው፣ ዊንቹ እስከዚያ ሰዓት ሳይዞር የዘገየው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። መኪናዋ የሰመጠችው ይርጋ በሚባሉ ሌላ ሽማግሌ ማሳ ጥግ፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ ነበር። ገመድ የሚችል ዛፍ በአካባቢው አንድ ትልቅ ብርብራ ብቻ ነው፤ እሱም የይርጋ ነው። ሽማግሌው በትራቸውን ከግንዱ ፊት ተክለው፣ «ይህን ያቆየው አባቴ ነው። ቡናዬም እንሰቴም ከጥላው ሥር ነው ያለው። ብረት ልጡን አይነክሰውም» አሉ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ቢቆጡም ቢለምኑም አልሆነም። መጨረሻ ሰብስቤ ቆቡን አውልቆ፣ በሚያውቃት ጥቂት ጌዴኦኛ፣ «አባቴ፣ ልጡን እንደ ሕፃን ጠቅልለው ያልብሱት፤ ገመዱን ከልብሱ ላይ ብቻ አሥራለሁ» ሲላቸው እሺ አሉ። ግን ራሴ ነኝ የማለብሰው አሉ። የደረቀ የእንሰት ቅጠል አስመጡና ግንዱን ዙሪያውን፣ በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው እርጋታ ሲጠቀልሉ ረፋዱ ሄደ።

ጓንጉል ሲደርስ ገመዱ ከብርብራው እስከ መኪናዋ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ሰብስቤ ከፓራውልቱ ፊት ቆሞ እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ ያዞራል። ፒክአፗ ከነጨዋ አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጋ ከጭቃው ክንድ ያህል ወጥታለች። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስና አብረዋቸው የመጡ ሁለት ነጋዴዎች ከጎን ሆነው «በርታ!» ይላሉ። ጓንጉል የሰዎቹን ፊት አላየም። ያየው ግራውን ጆሮ ነው። በቀዩ ቀለም ላይ ከላይ ወደ ታች ፀጉር የመሰለች ጥቁር መስመር ወርዳለች።

«ሰብስቤ! አታዙር!»

ሰብስቤ ቀና አለ። «ጓንጉል? አንተ ደግሞ ከየት...»

«አንድ ጥርስ እንዳትጨምር! እጅህን አንሣና ወደ ቀኝ ዙረህ ውጣ። አትሩጥ፤ ገመዱን አትንካ።»

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው?» አሉ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ። «ልትወጣ ስትል...»

«ጌታዬ፣ ወደ ኋላ ይሂዱ! ሁላችሁም! ጴጥሮስ፣ ከጎማው ኋላ ድንጋይ!»

ጴጥሮስና የይርጋ ጎረቤቶች ከኋለኛው ጎማ ሥር ድንጋይ ደረደሩ። ሰብስቤ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወጣ። ገመዱ በቀጭኑ ይዘምራል።

አሁን ገመዱ መላላት አለበት። ዊንቹ ወደ ኋላ እንዳይፈታ የምትይዘው አንዲት የብረት ምላስ አለች። ምላሷን ለማንሣት ግን እጀታው በመጀመሪያ ጥቂት ወደፊት መዞር አለበት። ገመዱን ለማላላት ትንሽ ማጥበቅ ነው። ሌላ መንገድ የለም፤ ያንንም የሚያደርግ ሰው የሚቆመው እዚያው ሰብስቤ የቆመበት ላይ ነው።

«እኔ ላድርገው፣ እጄ ለምዶታል» አለ ሰብስቤ።

«አንተ ሚስት አለችህ።»

«ሚስቴ እኮ እህትህ ናት!»

«ለዚያ ነው።»

ጓንጉል ከፊቱ ገብቶ እጀታውን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ ከመስመሯ ላይ ነው። ገፋ። እጀታው ለአፍታ እንቢ አለና ተንቀሳቀሰ፤ ገመዱ ጮኸ፤ ጥቁሯ መስመር እንደ ሰው ከንፈር ተከፈተች። በጉልበቱ ምላሷን ገፍቶ አነሣት። ክብደቱ ሁሉ ወደ ክንዱ መጣ። ከዚያ እያቃሰተ፣ በጥቂት በጥቂቱ ለቀቀ። ፒክአፗ እያዘገመች ወደ ኋላ ሄደች፤ ጎማዋ ድንጋዮቹን ነካ፤ ቆመች። ገመዱ ሆዱን ጥሎ ጭቃው ላይ ተኛ።

ጴጥሮስ ሮጦ ሲደርስ ጓንጉል እጀታውን አልለቀቀም። ሊለቅ አልቻለም። ጴጥሮስ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየፈለቀቀ አላቀቀው።

ጓንጉል ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣና ፓራውልቱን በግራ በኩል አንድ ጊዜ መታው። ፓራውልቱ ከጆሮው ተላቅቆ በአንድ ጎኑ ጭቃው ውስጥ ተተከለ።

ሰብስቤ ያንን አየና ከጎማው ላይ ቁጭ አለ። 

«ይህ ነው ሥራህ?» አሉ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ። ቁጣቸው ከድንጋጤያቸው ጋር ተደባልቋል።

«አይደለም ጌታዬ» አለ ጓንጉል። «ይህ ገና ያልሠራሁት ነው።»

«ቀለም ቀብቼ አለቀ ብዬ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ» አለ ጴጥሮስ።

«ጠርጌ ያሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

«ጥፋትም ትሻሙ ጀመር!» አሉ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ።

ከሁለቱ ነጋዴዎች አንዱ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ፣ ግን ሰው እንዲሰማው አድርጎ፣ «አላልኩህም? ቀጥቃጩ ሊበላው ነበር» አለ።

ጓንጉል ሰምቶ መሬት መሬት አየ። ሰብስቤ ግን ከተቀመጠበት ቀና አለ።

«ወንድሜ፣ ሊበላኝ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ዲላ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዳገት የሚሮጠው ምሳ ፍለጋ ነው?»

ይርጋ ነገሩን ጴጥሮስ ተርጉሞ ሲነግራቸው ሳቁ፤ ሌላውም ሳቀ። ነጋዴው ወደ ጨዉ ዞሮ ጆንያ መቁጠር ጀመረ። ሰብስቤ ግን አልሳቀም። ወደ ጓንጉል ጠጋ አለ።

«ወርቂቱ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ጎመን በሥጋ እየሠራች ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ መግባት አለብን።»

ጨዉን ይርጋ ቤት አራገፉ። የመንደሩ ሰው በጠፍር ጎትቶ ፒክአፗን ወደ ኋላ አወጣት፤ ፓራውልቱን ከነዊንቹ ጭነው ዲላ ወረዱ። ጓንጉልና ጴጥሮስ ግን በቅሎዋን ሊያመጡ በመጡበት አቋራጭ ተመለሱ። ከታሠረችበት ሲደርሱ ጓንጉል ግንባሯን ዳሰሰና «ይቅር በይኝ» አላት።

በማግስቱ ጓንጉል ግራውን ጆሮ ሲበይድ ሰብስቤ ከሥር በጀርባው ተኝቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየ። የእሳቱ ፍንጣሪ ሸሚዙን አቃጠለው፤ እኔ ነኝ የጣፍኩለት። ሲያልቅ ጓንጉል ብሩሹን ለጴጥሮስ ሰጠው፤ ጴጥሮስ መስመሩን በጥፍሩ ተከትሎ መረመረና ጠረገው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዚያ ጋራዥ በያጁ የራሱን ብየዳ አይጠርግም። ጴጥሮስ የቀለሙን ቆርቆሮ ሲያነሣ ግን ሰብስቤ እጁን ያዘው።

«ይህን አትቀባው።»

«ይዝጋል እኮ።»

«ይዝጋ። እያየሁት ልንዳ።»

ፒክአፗ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ቡሌ ወጣች፣ ወረደች። ቀኝ ጆሮዋ ቀይ፣ ግራው ራቁቱን ነበር። ዝገት ሲነካው ሰብስቤ ራሱ ከሥር ገብቶ በተቃጠለ ዘይት ያብሰዋል፤ ሲያብስ ደግሞ ረጅም ጊዜ ይቆያል። አንድ ቀን፣ «እዚያ ሥር ገብተህ ምን ስታይ ነው የምትውለው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አማቼን ነዋ» አለኝ።